የዘማቾች ሜዳይ ጥናት

የዘማቾች ሜዳይ ጥናት የቀድሞ ተዋጊዎችን ሜዳዮች ሰብስቦ ማቆየትንና የባለቤቶቻቸውን የሕይወት ታሪክ መፈለግን አጣምሮ የያዘ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛ መነሻዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያን ለተዋጉ አርበኞች የተሰጠው የአርበኝነት ሜዳይና፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከክብር ዘበኛ ተውጣጥተው ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያገኙት የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ናቸው። የኋለኛው ከነሐስ ቅይጥ የተሠራ ክብ ሜዳይ ሆኖ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ቋሚ መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን የተዘጋጀው ጽሑፉ በአማርኛ በመሆኑ ከሌሎች አገሮች ዘማቾች ሜዳይ በቀላሉ ይለያል።

ምስክር ወረቀቱ ወይም ፎቶግራፉ ሳይኖር ለገበያ የቀረበ ሜዳይ ባለቤቱን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሜዳዩን ከሰነዱ መነጠል በታሪክ ላይ የሚፈጸም ከባድ ጉዳት ነው። ለምሳሌ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ቤተሰቦች ተጎራብተው በሚኖሩበት ምድር፣ የሜዳዩን ባለቤት ፍለጋ የሚጀመረው ከቤተሰቡና ከቅሬው፣ ማለትም ከቀብርና ከመረዳጃው ማኅበር፣ ሽማግሌዎች ነው። የሰውና የአባት ስም በብዙ ሰዎች ላይ ስለሚደጋገም የአያት ስምና የትውልድ ቀበሌ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ክርስቲያን ዘማች ከሆነ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የሚታወቅበት የክርስትና ስሙ ከመጠሪያ ስሙ ስለሚለይ ሁለቱም አብረው መመዝገብ አለባቸው።