ኔርሰስ ናልባንዲያን እና ሁለቱ የጎደሉ ድምፆች

ባለፈው ዓመት እዚህ አፉላ፣ በአንድ ማትናስ ውስጥ፣ ለወጣቶች የድሮ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ሙዚቃ አሰማሁ። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንድ ላይ ሲነሱ አንድ ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «ይሄ የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?» አለኝ። ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። ማታ እናቴን ብጠይቃት ደግሞ፣ «እኛ ጎንደር ገጠር ማሲንቆ እንጂ ይሄን የት ሰምተነው ልጄ» አለች። እውነቷን ነው። ይህ የከተማና የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ነበር፤ የእኛ መንደር ጋ አልደረሰም። እንግዲህ እኛም የተዋወቅነው እዚህ ሆነን ነው።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከአፉላ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ በምትርቀው በኢየሩሳሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። እዚያ በአርመን ገዳም፣ በኦቶማን ቱርክ ከተፈጸመው የዘር ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው አገኟቸው። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተብሎ ቀረ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም የተዘመረውን የቀድሞውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ሰው ናቸው። አስቡት፣ አገር አልባ ስደተኛ የአገር መዝሙር ሲደርስ!

ኔርሰስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1915 አይንታብ ተወለዱ፤ ቤተሰባቸው ሸሽቶ ሶርያ፣ አሌፖ ገባ፤ እሳቸውም በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ደረሱ። የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ክፍል መሩ፤ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) ሲከፈትም ለኦርኬስትራው አቀናበሩ፣ አስተማሩ።

የሥራቸው ክብደት እንዲገባችሁ ፒያኖ ስታገኙ ጥቁር ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ በተራ ንኩ። ትዝታ ወጣ ማለት ነው! አምስት ድምፅ ብቻ። በነጮቹ ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ሙዚቃም ሆነ የጃዝ ቢግ ባንድ ዜማውን «ወደ ቤቱ» የሚመልሰው ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ በሚባለው ኮርድ ነው። የሚጎትቱት ድምፆች እነዚያው የጎደሉት ሁለቱ ናቸው። ብትጨምራቸው ትዝታው ሽታው ይጠፋል፤ ብትተዋቸው ደግሞ ያ ሁሉ ነፊ ምን ይንፋ? በዚያ ላይ የአገሩ ዘፈን በአንድ ዜማ የሚሄድ እንጂ በኮርድ የሚደረደር አልነበረም። ኔርሰስ ዕድሜያቸውን በዚህ ጥያቄ ላይ ፈጁ። ለእኔ ጆሮ ደስ የሚለው ከነፊዎቹ ስር ቅኝቱ ሳይሰበር መቆየቱ ነው።

በፒያኖ ብቻ ሌላ መንገድ የያዙት ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ካይሮ ላይ ያስተማሯቸው ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች በኋላ አዲስ አበባ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርተዋል። እማሆይ መነኮሱ፤ ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ስንቶቻችን በበሩ አልፈን ይሆን?

ኔርሰስ በ1977 አረፉ። በ2017 አይዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ቢግ ባንድ ቅንብሮቻቸውን የተጫወተበት አልበም «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ወጣ። ርዕሱ «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ይህንን ሁሉ ለዚያ ልጅ ነገርኩት። ጣቱን ቆጠረና፣ «እና እንደዚያ ብለው የጻፉት ሰውዬው ከሞተ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «በቃ፣ ድገመው» አለ፤ ድምፁንም ራሱ ከፍ አደረገው።