ስለ ለገሃር የባቡር ጣቢያ ታሪክ

ለገሃር የሚለው ቃል አማርኛ አይደለም። በፈረንሳይ ቋንቋ «ላ ጋር» ማለት የባቡር ጣቢያ ማለት ሲሆን፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ለገሃር አለው። እንግዲህ «ለገሃር ጣቢያ» የሚል ሰው ጣቢያ ጣቢያ ማለቱ ነው፤ ነገር ግን በዚህ የሚያፍር የለም፥ ሊያፍርም አይገባም፤ ቃሉ ከተማይቱ ያሳደገችው ልጅ ሆኗልና።

የባቡሩ ነገር የተጀመረው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. የስዊስ አገር ተወላጅ ለሆነው አማካሪያቸው ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ነው። ሐዲዱ በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ፤ ሥራውም ቆመ። በሌላ ኩባንያ እጅ እንደ ገና ተጀምሮ፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ. ም. ዐርፈው ነበርና በከተማቸው ሲያፏጭ ሳይሰሙት ቀሩ።

መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይደክምበት የነበረውን ጉዞ ባቡሩ በ3 ቀን ጨረሰው፤ ያውም ሌሊት ስለማይሄድ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ወረደ፤ ጨርቅና ቆርቆሮ ወደ ደጋ ወጣ።

ዛሬ የሚታየው ባለ ፎቅ ቤት ግን ከባቡሩ ጋር አልተወለደም። ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፥ በኅዳር ወር 1922 ዓ. ም. ተመረቀ። በዓመቱ፥ በጥቅምት 1923 ዓ. ም.፥ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከውጭ አገር የተላኩ መኳንንት ከባቡር ወርደው የከተማይቱን መልክ መጀመሪያ ያዩት ከዚሁ ደጃፍ ቆመው ነው። በፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተተከለ።

ይህ ክብር ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ ወርደው ተሰደዱ፤ ከ3 ቀን በኋላ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። አንበሳውም ተነቅሎ ወደ ሮማ ተጋዘና ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት ሥር ተቀመጠ። ዶጋሊ በ1879 ዓ. ም. የራስ አሉላ ጦር የኢጣልያን ወታደሮች የደመሰሰበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ የአንበሳው መቀመጫ እንዲያው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተመለሰና በቀድሞ ቦታው ቆመ።

የባቡሩ ድካም ግን እየበዛ ሄደ። በ1969 ዓ. ም. በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። በጥር ወር 1977 ዓ. ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ፤ በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ከዚያ የከፋ ቀን የለም። ሐዲዱ አረጀ፥ ጥገናው ተጓደለ፥ ጭነቱንም የጭነት መኪና ወሰደው። በ2000 ዓ. ም. ግድም ባቡሩ አዲስ አበባ መግባቱን ተወ።

በ2009 ዓ. ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር እስከ ጅቡቲ ተመረቀ። የእሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ዳር፥ በፉሪ ለቡ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከመሀል ከተማ መኪና ተሳፍሮ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል የሚወርደው ሰፊው ጎዳና ግን ዛሬም መጨረሻው አንበሳው ያለበት የአሮጌው ጣቢያ ደጅ ነው። በ2008 ዓ. ም. የተከፈተው የከተማ ባቡርም በዚያው አጠገብ ያልፋል፤ መቆሚያውም ለገሃር ይባላል።