ተሳታፊ መር ጉባኤ

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ የትርጉም ሥራ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርስ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ በአካባቢው ሲተከል፣ ለአዲሱ ነገር ስም ያልነበረው የአዲስ አበባ ሰው የሽቦውን አለመኖር ትቶ ንፋሱን ያዘ። ስልክ ነው፤ የሚሄደው ግን በንፋስ ነው። ቃሉ ሰፈር ሆነ፣ ሰፈሩም ክፍለ ከተማ፤ ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ መታወቂያችን ላይ ተጽፏል። እዚህ የማነሣው ቃልም እንዲህ ያለ ዕድል ቢገጥመው ደስ ይለኛል።

በእንግሊዝኛ «አንኮንፈረንስ» ይሉታል። ቃል በቃል ሲፈታ «ጉባኤ ያልሆነ ጉባኤ» እንደ ማለት ነው። አዘጋጅ ኮሚቴ ከወራት በፊት ተናጋሪና ርእስ አይመድብም። የመጡት ሰዎች በዚያው ጠዋት ሊወያዩበት የሚፈልጉትን ያነሣሉ፣ ሰዓትና ቦታ ይሰጡታል፣ ራሳቸውም ይመሩታል።

ቃሉን ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። ሳር ቤት አካባቢ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተካሄደ የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ተመዘገብን፣ የክብር እንግዳው እስኪደርሱ ጠበቅን፣ የመክፈቻ ንግግር ሰማን፤ ከዚያ ጥናቶች በፓወርፖይንት በተከታታይ ቀረቡ። አቅራቢዎቹ የደከሙባቸው ጥናቶች ነበሩ። ግን ጊዜው ሁሉ በማቅረብ አለቀ፤ የመድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «ጊዜ ስላጠረን ከቤቱ ሦስት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን» አለ። ሦስቱም ከፊት ረድፍ መጡ። ከኋላ ሁለት ጊዜ እጇን ያነሣች ወጣት ለሦስተኛ ጊዜ አላነሣችም።

ለሻይ ስንወጣ በረንዳው ላይ አገኘኋት። ከጀሞ የመጣች የጤና ጣቢያ ባለሙያ ናት። መብራት ሲጠፋ የክትባት ማቀዝቀዣው ሙቀት ከ2–8 ዲግሪ ወሰን እንዳይወጣ ምን እንደምታደርግ ከክልል ለመጡ ሁለት ሰዎች እያስረዳች ነበር፤ በሩን ላለመክፈት አስቀድማ ምን እንደምታወጣ፣ አይስ ፓኩን የት እንደምትደረድር፣ ሙቀቱን በየስንት ሰዓቱ እንደምትመዘግብ። አንደኛው በሶፍት ላይ ይጽፋል። ሌላው «እኛ ጋ ደግሞ» ብሎ የራሱን ጨመረ። ተጠራንና ወደ አዳራሹ ተመለስን። ከሁለቱ ቀናት እስካሁን ሳልረሳ የያዝኩት ያንን የበረንዳ ወሬ ነው።

ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊም የደረሰበት ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማሰናዳት ዓመት ሙሉ ደከመ። ሲያልቅ፣ እርሱም ተሳታፊዎቹም አብልጠው የወደዱት የቡና ዕረፍቱን ሆኖ ተገኘ። በ1985 ያው ጉባኤ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ሲካሄድ አጀንዳ ሳያዘጋጅ ሰዎቹን በክብ አስቀመጣቸው። ዘዴውን «ኦፕን ስፔስ» አለው፤ ክፍት ቦታ። ሐሳቡ ከካሊፎርኒያ ብቻ እንዳልመጣም ኋላ ጽፏል። ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ በምትባል መንደር ወንዶች ልጆች ወደ ዐዋቂነት የሚሸጋገሩበትን የአራት ቀን በዓል ተከታትሎ ነበር፤ አዘጋጅ ኮሚቴ የሌለው ትልቅ ዝግጅት በሥርዓት ሲሄድ ያየው እዚያ ነው። አሜሪካ ላይ ስም ያወጣው ዘዴ አንዱ ሥሩ የምዕራብ አፍሪካ መንደር መሆኑ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ፓሎ አልቶ ላይ «ባርካምፕ» ብለው በዚሁ መንፈስ ተሰበሰቡ፤ «አንኮንፈረንስ» የሚለው ስያሜም በእነርሱ ዘንድ ገነነ።

ወደ አማርኛው ልምጣ። «ኢ-ጉባኤ» ቢባል አጭር ነበር፤ ነገር ግን «ኢ-ፍትሐዊ»ን የለመደ ጆሮ ነቀፋ ይሰማበታል። «ክፍት ጉባኤ» ማንም መግባት የሚችልበት ስብሰባ ያስመስለዋል። «አጀንዳ አልባ ጉባኤ» ስሕተት ነው፤ አጀንዳ አለ፣ የሚወለደው ግን እዚያው ነው። ከኦወን ታሪክ ተነሥቼ «የቡና ጉባኤ» ልለው ልቤ ከጅሎ ነበር፤ በእኛ አገር ግን ይህን የሰማ ሰው ላኪዎችና ገበሬዎች ስለ ቡና ሊመክሩ ነው ብሎ ይረዳል። የመረጥሁት «ተሳታፊ መር ጉባኤ»ን ነው። «ገበያ መር ኢኮኖሚ» ሲባል ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ቅርጹ የታወቀ ነው። ማን እንደሚመራም በስሙ ይናገራል።

«ጉባኤ»ን ያልጣልሁት ሆን ብዬ ነው። ግእዙ ተጋብአ ተሰበሰበ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ቃሉ ከመሰብሰብ ያልፋል። ጉባኤ የመማሪያ ስም ነው። መምህሩ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ ይባላል፤ አራቱን ጉባኤ ያደላደለ ሊቅ አራት ዓይና ይሰኛል። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ተመልከቱ። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አይተኛም፤ ጥግ ፈልጎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፣ የቆጠረውን ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። የዛሬ ጉባኤዎቻችን ስሙን ወርሰው መንገሩን ጥለውታል፤ የሚያስቆጨኝም ይህ ነው። የጀሞዋ ባለሙያ የቆጠረችው ነበራት፣ የምትነግርበት ግን አልተሰጣትም።

የዘመኑ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን በአንድነት መረመሩ። በንግግር ብቻ በሚሰጥ ትምህርት የተማሪ የመውደቅ ዕድል፣ ተማሪው ራሱ በሚሠራበትና በሚወያይበት ትምህርት ካለው 1.5 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ጉባኤ ላይ ፈተና የለም። የሚሰማው ጆሮ ግን ያው የሰው ጆሮ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ፤ ባዶ ግድግዳ ላይ ሰዓትና ቦታ ብቻ የተጻፈበት ሰሌዳ ይለጠፋል። ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ጽፎ፣ ተነሥቶ ስሙንና ጥያቄውን ተናግሮ ይለጥፋል። ሌላው አንብቦ የሚስበው ጋ ይሄዳል። በየውይይቱ አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ማታ ሁሉም ግድግዳው ላይ ይነበባል። ኦወን የመጡት ሰዎች እነርሱው በቂ ናቸው የሚል መርሕ አለው፤ ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤ አይቆጠርም፣ ሦስት ሰው ከመጣ ውይይቱ ይጀመራል።

የሚከብደን «የሁለት እግር ሕግ» የሚባለው ነው። የማይማርበትና የሚያዋጣው ነገር የሌለበት ውይይት ላይ ያለ ሰው በእግሩ ተነሥቶ ሌላው ጋ ይሂድ ይላል። ታላቅ ሰው እየተናገረ መነሣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይሉኝታ ከወንበር ጋር ያስራል። ይህን ልማድ መናቅ አይገባም፣ አክብሮት አለበትና። መፍትሔው ከላይ የሚጀምር ይመስለኛል፦ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጠዋት ሕጉን በራሳቸው አንደበት ያስታውቁ፣ ከዚያም የመጀመሪያው ተነሺ እርሳቸው ይሁኑ። ወጣቱ በታላላቆቹ ፊት ለመናገር ስለሚፈራ ደግሞ መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ለሦስት ደቂቃ ይነጋገር፤ ለአንድ ሰው የተናገረ ለሠላሳ ሰው መናገር አይከብደውም።

ተሰብስቦ መነጋገር ሲመቻች ምን እንደሚሠራ በአገራችን ታይቷል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ኬ ኤም ጂ ኢትዮጵያ፣ ከምባታ ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የያዘው መንገድ «የማኅበረሰብ ውይይት» ነበር፤ ሽማግሌውም ወጣቷም በአንድ ቦታ እየተገናኙ ይመክሩ ነበር። ከጉባኤ የተለየ ነገር ነው፤ ስሙ ግን በትርጉም ገብቶ አማርኛ ሆኗል።

ሁሉም ጉባኤ ተሳታፊ መር ይሁን አልልም። አዲስ መመሪያ የሚያስረዳ፣ አዲስ መሣሪያ አሠራሩን የሚያሳይ ሰው መድረክ ያስፈልገዋል። ኦዲት የሚያጸድቀው፣ ቦርድ የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤም በሕጉ መሠረት ይሂድ። ከጉባኤው ቀናት የአንዱን ከሰዓት ለግድግዳው መስጠት ግን ለማንኛውም ማኅበር የሚቻል ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ «ተሳታፊ መር» ያለ ሰረዝ በሁለት ቃል ይጻፍ፤ «ተሳታፊ መር አውደ ጥናት»፣ «ተሳታፊ መር ሥልጠና» እያልን ልናራባው እንችላለን። በጥሪ ደብዳቤ ላይ ሲገባ የተጠሪውን ድርሻ የሚነግር አንድ ዐረፍተ ነገር ይከተለው፤ ለምሳሌ፦ «ከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ ተሳታፊ መር ስለሆነ፣ በሥራዎ ላይ ያስቸገረዎትን አንድ ጥያቄ ወይም የሠራልዎትን አንድ ዘዴ ይዘው እንዲመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።»