ክሎውክ ስለሚባለው የእንግሊዝ ቃል ሐተታ

በእንግሊዞች ቋንቋ «ክሎውክ» ማለት እጅጌ የሌለው፣ ከትከሻ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ ልብስ ነው፤ እኛ ካባ ወይም በርኖስ እንደምንለው ያለ ነው። ስሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከደወል መጣ። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ክሎካ» ደወል ማለት ነው፤ ልብሱም ከላይ ጠብቦ ከታች ይሰፋልና በደወል ስም ተጠራ። ከላቲን ወደ ፈረንሳይ ቋንቋ፣ ከዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝ ገባ። ሰዓት ማለት የኾነው «ክሎክ»ም የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ የቀድሞ ሰዓት ጊዜውን በደወል ይናገር ነበርና።

ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው። አንዱ ልብስ ነው፤ ሁለተኛው ክፉ ሥራን የሚሸፍን ሰበብ ነው። በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ይዟል።

በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቍጥር 40 ጌታ ጨምረህ ተውለት ያለው መጐናጸፊያ ክሎውክ ተብሏል፤ ጽርኡ «ሂማቲዮን» ይለዋል። ይህን መተው ስለምን ከባድ ኾነ ቢሉ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የድኻ ልብስ በመያዣ ቢወሰድ ፀሐይ ሳይገባ ይመለስለት ተብሏል፤ ሌሊት የሚተኛበት እርሱ ብቻ ነውና። እንግዲህ ጌታ ተውለት ያለው ባለዕዳ እንኳ ቢኾን ሕግ የማያስቀርበትን ነው።

በዮሐንስ ምዕራፍ 15 ቍጥር 22 ግን ይኸው ቃል ስለ ኃጢአት ተነገረ። ጽርኡ «ፕሮፋሲስ» ነው፤ ሰበብ ማለት ነው እንጂ ልብስ አይደለም። በ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 2 ቍጥር 16 ያለው «ኤፒካሊማ» ግን በእውነት መሸፈኛ ማለት ነው። ስለዚህ በ1881 ዓ.ም. የታተመው የታረመው የእንግሊዝ ሐዲስ ኪዳን በዮሐንስ ክሎውክን ለውጦ ሰበብ አለ፤ በጴጥሮስ ግን እንደ ነበረ ተወው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ስም ለሁለት ሥራ እንደ ዋለ አስተውል። ለታረዘ የሚሰጥ ካባ አለ፤ የድኻን ዕንባ የሚሸፍን ካባም አለ። ልብሱ ከደወል መልኩን ወሰደ እንጂ ድምፁን አልወሰደም፤ ደወል ይገልጣል፣ ካባ ይሰውራል። እግዚአብሔር ግን ከካባው በታች ያለውን ያያል። ስለዚህ ካህንም ቢኾን መኰንንም ቢኾን፣ ፍርድ አጕድሎ «ሥርዐት ነው» የሚል ቃል ቢደርብበት በእርሱ ፊት ዕራቁቱን ይቆማል።