ከአርሲ እስከ አንትወርፕ፦ የቀራፂዋ የኤቲዬ ዲማ ፖልሰን የሸክላ ሥራ

ኤቲዬ ዲማ ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1968 በአርሲ ተወለደች። ቀራፂዋ ግን በተወለደችበት ደጋ አላደገችም። ልጅነቷን ያሳለፈችው በታንዛኒያና በኬንያ ነው። በ14 ዓመቷ ዴንማርክ ገባች፤ ከዚያም በፈረንሳይ ኖራ በመጨረሻ በቤልጅየሟ የወደብ ከተማ በአንትወርፕ ተቀመጠች።

በውጭ አገር ስማቸው የተጠራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የጥበብ ሰዎች፣ ለምሳሌ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍና አቻምየለህ ደበላ፣ ከመሰደዳቸው በፊት አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልፈዋል። ዲማ ፖልሰን በዚያ በር አልገባችም። ሸክላን ያለ መምህር፣ እየሞከረች ነው የተማረችው። የአሠራሯ ልዩነትም ከዚህ የመጣ ይመስላል፤ በወጉ የሠለጠነ ሸክላ ሠሪ የሚሸሸውን ነገር እሷ ፈልጋ ትሄድበታለችና።

ሥራው የሚጀምረው ከሽቦ ነው። በቅድሚያ የሐውልቱ ቁመና በብረት ሽቦና በሽቦ ወንፊት ይዋቀራል፤ ከዚያ ስስ የሸክላ ጭቃ ይለበጥበታል፣ ገጹም ቀለም ይቀባል። ሐውልቱ እሳት ሲገባ ሁለቱ ነገሮች ይጣላሉ። ጭቃው በውስጡ ያለውን ውኃ እየለቀቀ ይሸበሸባል፤ ብረቱ ግን በሙቀት ይለጠጣል እንጂ አይኮማተርም። ጭቃው የሚሸሽበት ስለሚያጣ ከላይ እስከ ታች ይሰነጣጠቃል፤ ሽቦው ግን ይዞት ስለሚቆይ አይፈርስም። የባሌ ሮቤ ገበያ ሸማች ጀበና ወይም እንስራ በጣቱ ቆርቁሮ፣ ድምፁ ከሰለለበት መልሶ ያስቀምጣል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ለሠሪዋ የባከነ ድካም ነው። በዲማ ፖልሰን ሥራ ላይ ግን ስንጥቁ የሐውልቱ ቆዳ ይሆናል። ንቃቃቱ የት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው በአብዛኛው እሳቱ ነው፤ የቀራፂዋ ጥበብ ለእሳቱ ይህን ያህል ሥልጣን መስጠቷና መቼ እንደሚበቃው ማወቋ ላይ ነው። ስልቱ ሌላም ጥቅም አለው። ሙሉ በሙሉ ከጭቃ ቢሠራ በራሱ ክብደት የሚናድ ቀጭንና ረጅም ቁመና በሽቦው አጥንት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የሚወጡት ምስሎች አብዛኞቹ የሰው፣ በተለይም የሴት ናቸው። አንገታቸው ይረዝማል፣ ራሳቸው ያንሳል፣ ሰውነታቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላል፤ ፊታቸው ላይ ዝርዝር ነገር ጥቂት ነው። አፈርማ ቀለማቸውና የተሰነጣጠቀ ገላቸው ትናንት ከምድጃ የወጣውን ሥራ ከመሬት ተቆፍሮ የተገኘ ያስመስለዋል። ዋካ የሚባለውን የኮንሶን የእንጨት የመታሰቢያ ሐውልት፣ ወይም በአርሲና በባሌ መንገዶች ዳር የሚታዩትን የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ የመቃብር ድንጋዮች የሚያውቅ ተመልካች ዝምድና ማየቱ አይቀርም። እነዚያም እንደ እሷ ምስሎች ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ያለፈን ሰው በፊታችን የሚያቆሙ ናቸው። ሆኖም ይህን ዝምድና በቀጥታ የወረደ ውርስ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ቀራፂዋ ከአገሯ የወጣችው በሕፃንነቷ ነው፤ ያደገችው በምሥራቅ አፍሪካ፣ የጎለመሰችው በአውሮፓ ነው። ሐውልቶቿን ለአንድ መንደር ብቻ መስጠት ከሌሎቹ አገሮች ያገኘችውን መካድ ይሆናል።

ከኢትዮጵያ ጥበብ ታሪክ ጋር ስሟን በግልጽ ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ2003 በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም የቀረበው ትርኢት ነው። ኤልዛቤት ሃርኒ ያዘጋጀችው ይህ ትርኢት በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያንን፣ ቀራፅያንንና ፎቶ አንሺዎችን አንድ ላይ አመጣ። በዚያው ዓመት ያረፈው እስክንድር ቦጎሲያን፣ ጁሊ ምህረቱና አይዳ ሙሉነህም ነበሩበት። በቅርፃ ቅርፅ በኩል ደግሞ ዲማ ፖልሰን ፈጽሞ ከማይመስሏት ሁለት ሰዎች ጋር ቆመች። አንዱ በድሬዳዋ ተወልዶ በፓሪስ የኖረው ሚካኤል ቤተ ሥላሴ ነው፤ እሱ ከወረቀት ልቁጥ ደማቅ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ምስሎችን ይሠራ ነበር። ሌላዋ ከሶማሊያ የብዙ ዓመታት እስር ወጥታ አሜሪካ የገባችው ከበደች ተክለአብ ናት፤ ከእስክንድር ጋር በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ የአሉሚኒየም ቅርፅ ሠርታለች። ወረቀት፣ አሉሚኒየምና የተቃጠለ ጭቃ፦ ሦስቱ በአንድ የኢትዮጵያ ስም ሥር ሲታዩ፣ የስደቱ ቅርፃ ቅርፅ ከአንድ ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ ስልት እንዳልወጣ ትርኢቱ በተጨባጭ አሳየ። ከሦስቱ ቀራፅያን መካከል አገሯን በለጋ ዕድሜ የለቀቀችው ዲማ ፖልሰን ናት፤ የሸክላን ሥራ፣ በኢትዮጵያ ገጠር አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች የሆነውን ሙያ፣ ወደ ሙዚየም አዳራሽ ያስገባችውም እሷ ናት።