አረቄ በኢሉባቦር

አረቄ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ ተጠንስሶ በእሳት የሚወጣ፣ ቀለም የሌለው ጠንካራ የአልኮል መጠጥ ነው። ካቲካላ ተብሎም ይጠራል። በመላው ኢትዮጵያ የሚታወቅ ሲሆን በኦሮሚያ ክልል በኢሉባቦር ዞን፣ በዋና ከተማው በመቱና እንደ ጎሬ ባሉ ከተሞችም ይጠጣል። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም የዕለት ገቢ ያስገኛል። በአንጻሩ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ የመጠጡ ጥንካሬም ለጤና ጠንቅ ነው።

ስያሜ

ቃሉ የመጣው ከዓረብኛው «ዐረቅ» ሲሆን ትርጉሙ ላብ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደ ላብ መንጠብጠቡን ያመለክታል። በመካከለኛው ምሥራቅ በዚህ ስም የሚጠራው መጠጥ ከወይን የሚወጣና አኒስ የሚገባበት ነው፤ የኢትዮጵያው ግን ዋና መሠረቱ እህል ነው።

ግብዓት

የእህሉ ዓይነት እንደየአካባቢው ምርት ይለያያል። በጎጃም ግብጦ፣ በደጋ አገሮች ገብስ ሲዘወተር፣ እንደ ኢሉባቦር ባሉ ሞቃታማና ዝናባማ አካባቢዎች በቆሎና ማሽላ በቀላሉ ይገኛሉ። ብቅል የሚባለው በውኃ ርሶ ከበቀለ በኋላ የደረቀ እህል ነው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይራል። ጌሾ መራራ ጣዕም ከመስጠቱም ሌላ ጥንስሱን ከብልሽት ይከላከላል።

አዘገጃጀት

በመጀመሪያ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ከብቅል ዱቄት ጋር በውኃ ይዘፈዘፍና ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ከዚያ ዱቄት ተቦክቶ ኪጣ ይጋገራል፤ ኪጣው ተቆራርሶ በጥንስሱ ላይ ይጨመራል። ድፍድፉ ተከድኖ እስኪብላላ ድረስ ይቆያል፤ ጊዜው እንደ አየሩ ሙቀት ያጥራል ወይም ይረዝማል።

የደረሰው ድፍድፍ በማሰሮ ወይም በበርሜል ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ እንፋሎት እንዳያመልጥ ይመረጋል፤ እንፋሎቱም በመቃ ወይም በቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባል። ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ውኃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ የሚወጣው ፈሳሽ አልኮሉ የበዛ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይቀጥናል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ያርና አረቄው የጭስ ሽታ ይይዛል። የማቀዝቀዣው ውኃ ሲሞቅ ካልተቀየረ ደግሞ እንፋሎቱ ሳይጠራቀም ያመልጣል።

ዓይነቶች

አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ተራው እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይሆናል፤ የዳግም አረቄ የአልኮል መጠን ብዙውን ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ ነው። ማር የገባበትም አለ። አረቄ በመለኪያ ይሸጣል።

ኑሮ፣ ከብትና ደን

በበደሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው የቢራ ፋብሪካ ለአካባቢው የፋብሪካ መጠጥ ቢያቀርብም የቤት አረቄ አልጠፋም። ለመጀመር ማሰሮ፣ እህልና ማገዶ ይበቃሉ፤ ከምድጃው የሚቀረው አተላም ለከብት ይሰጣል ወይም ይሸጣል።

ዋናው ችግር ማገዶ ነው። ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ስለሚጣድ ፍጆታው ከፍ ይላል። በኢሉባቦር ጉዳዩ ክብደት የሚያገኘው ዞኑ የዱር ቡና መገኛ በመሆኑ ነው፤ የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። የተሻሻለ ምድጃና ለማገዶ ተብሎ የተተከለ ባሕር ዛፍ በተፈጥሮ ደን ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳሉ።

ጤናና ሕግ

የቤት አረቄ የአልኮል መጠኑ ስለማይለካ ጠጪው ምን ያህል እንደጠጣ አያውቅም። በእሳት ለኩሶ መፈተን የተለመደ ቢሆንም ነበልባል የሚያሳየው አልኮል መኖሩን እንጂ ንጽሕናውን አይደለም፤ መርዛማው ሜታኖልም ይነዳል። በእህል ጥንስስ ውስጥ ሜታኖል በአነስተኛ መጠን ይገኛል። በተለያዩ አገሮች ብዙ ሰው የገደሉ መመረዞች የደረሱት በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ በመጨመሩ ነው። ከጠጡ በኋላ የዓይን መደብዘዝ፣ ብርቱ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር ከታዩ በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው።