ዜና ዋልያ፣ በእንጅባራ የተጻፈ

ይህ ዜና የተጻፈው በአዊ ምድር፣ የቀድሞ ሰው ኮሶበር በሚላት በእንጅባራ ከተማ፣ በወርኃ ጥር ነው። ጥር በዚህ አገር የፈረስ ወር ነው። ጥምቀት ሲያልፍ ኮርቻው ይወለወላል፣ ግላሱ ከሣጥን ይወጣል፣ ለሰው የጎደለ ገብስ ለፈረስ አይጎድልም። ጥር 23 በዓለ ጊዮርጊስ ሲደርስም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ይሰበሰባል፣ ጉግሱ ሜዳውን ይሞላዋል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የቆመው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የሚዘክረውም ወደ አድዋ የዘመተውን ፈረስና ፈረሰኛ ነው፤ የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 በጊዮርጊስ ዕለት ሆኗልና።

ጸሐፊው ግን ስለ ፈረስ አልጻፈም፤ ስለ ኳስ ጻፈ። ፈረሰኛው በየዓመቱ የሚፎክርለት አያጣም፤ ኳሰኛው ሲያሸንፍ እንጂ ሲሸነፍ የሚጽፍለት የለውም። የጥንት ጸሐፌ ትእዛዝ የጌታውን ድል ሦስት ቅጠል ሙሉ ጽፎ፣ ሽንፈቱ ላይ ሲደርስ «በዚያም ዓመት ንጉሡ በእገሌ ስፍራ ከረመ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ጉልት የሚሰጠኝ ንጉሥ ስለሌለ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ዓመቱንም እንደ ቀደሙት በወንጌላዊው ስም እጠራዋለሁ።

በ1949 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የካቲት 1 ቀን፣ በካርቱም ከተማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ። በኢትዮጵያ በኩል ከቆሙት ዋነኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ የአዝማሪውና የባለ ቅኔው የተሰማ እሸቴ ልጅ፣ በጅማ የተወለደ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ኳስ ሲመታ የኖረ። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለ ተባረረ፤ ኢትዮጵያም ከእርሱ ጋር ልትጋጠም ተመድባ ነበርና አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች።

የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ገጠመች። ዲባ የሚሉት ግብፃዊ አጥቂ አራት ግብ አገባ፤ አራቱንም እርሱ ብቻ። ኢትዮጵያ ምንም አላገባችም። እንግዲህ በመዝገብ ላይ «ሁለተኛ» ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው። ሁለተኛነቱ ውሸት አይደለም፤ ግን በአንድ ግጥሚያ፣ ያውም በሽንፈት የተገኘ ነው። የዲባን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ይመለሳል።

በ1951፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በግንቦት ወር፣ ቡድኑ ወደ ካይሮ ወረደ። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ግብፅ አሁንም 4 ለ 0፤ ሱዳን 1 ለ 0። ከሦስት ሦስተኛ። በሁለት ዋንጫ፣ በሦስት ግጥሚያ፣ ዘጠኝ ግብ ገባብን፤ እኛ አንድም አላገባንም።

ወእምዝ፣ በ1954 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዋንጫው ወደ አዲስ አበባ መጣ። አራት አገሮች ተሰበሰቡ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ። ይህች የመጨረሻዋ ያችው ግብፅ ናት፤ ሶርያ ጥላት ከሄደች በኋላ ስሙን አልጣልም ብላ ይዛው የቆየች። ቡድናችንን የሚመራው ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ በአሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያን ወታደር አባት የተወለደ ነው። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ ቀድማ ሁለት ግብ አገባች። በካርቱምና በካይሮ የሆነውን የሚያውቅ ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ መለሰ፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ከዕረፍት በኋላ ሉቺያኖ ደገመ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ መጀመሪያ ያገባቻቸው ግቦች እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ከተራ ሆነ፣ ጥምቀት ሆነ፣ የቃና ዘገሊላው ሚካኤልም ገባ። በማግሥቱ፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ፍጻሜው ሆነ። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ የተባለው የግብፅ አጥቂ አገባ። ግጥሚያው እስከ 74ኛው ደቂቃ እንዲሁ ቆየ፤ ያን ጊዜ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ሳይበርድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ በደዊ ደገመ። አሁን ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ሁለቴ የተመራ ቡድን ሁለቴ ተነሥቶ አሸነፈ፤ በካርቱም አራት የተቆጠረበትም በአምስተኛው ዓመት ለዚያችው ግብፅ አራት መለሰ።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡ። በ1928 በጣልያን ጦር ምክንያት አገር ጥለው የተሰደዱ ንጉሥ፣ ከጣልያን ወታደር ለተወለደ የኢትዮጵያ አምበል ዋንጫ ሲሰጡ ሳስበው፣ የድሮ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ ስንት ቅጠል ይጽፍበት ነበር እላለሁ።

እንጅባራ ያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ በአገው ምድር ያለች የመንገድ ዳር ሰፈር ነበረች። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ነው፤ ስለዚህ ያን ፍልሚያ አገው ምድር በዓይኑ አላየውም። ጥር 13 ቀን ፈረሰኛው ለ23 ሲዘጋጅ ነበር። የሸዋ ወሬ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ቡሬን ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ ምናልባት ጉግሱም አልቆ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ሁለት ነገር ላይ ብቻ እንቆማለን።

በ1956፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በጋና ቱኒዚያን እንደገና 4 ለ 2 አሸነፍን፤ በጋና 2 ለ 0፣ በግብፅ 3 ለ 0 ተሸንፈን አራተኛ ወጣን። በ1958 በቱኒዚያ ምድር ባለአገሩ 4 ለ 0፣ ሴኔጋል 5 ለ 1 አሸነፉን። በ1960፣ አሁንም በዘመነ ዮሐንስ፣ ዋንጫው ዳግመኛ ወደ እኛ መጣ፤ አዲስ አበባና አሥመራ ስምንት ቡድን አስተናገዱ። ዩጋንዳን 2 ለ 1፣ ኮትዲቯርን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸነፍን። በኔ ግምት የኢትዮጵያ ቡድን ከ1954 እንኳ የበለጠ የተጫወተው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሦስት ተከታታይ ድል ነውና። ነገር ግን በግማሽ ፍጻሜ ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችን፤ ለሦስተኛነትም ኮትዲቯር 1 ለ 0 ብድሯን መለሰች።

ፍጻሜውን ኮንጎ በጋና ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች። የመሐል ዳኛው ማን ነበር? ያ ዲባ። በካርቱም በአንድ ቀን አራት ያገባብን ሰው በአሥራ አንደኛው ዓመት ፊሽካ ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ እኛም የራሳችንን ፍጻሜ እንዲዳኝ ሜዳውን ሰጠነው። ባለቤቶቹ በፍጻሜው አልነበርንም እንጂ ጉዱ ይብስ ነበር።

በ1962 በሱዳን ሌላ ስም ተጨመረ፤ ሎራን ፖኩ። ኮትዲቯር 6 ለ 1 ስታሸንፈን አምስቱን እርሱ አገባ። ሱዳን 3 ለ 0፣ ካሜሩን 3 ለ 2 ቀድመው አሸንፈውን ነበር። በ1968 ዋንጫው ለሦስተኛ ጊዜ በአገራችን ሆነ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተቀበሉት። ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ተለያይተን ከምድቡ ወጣን። በ1974 በሊቢያ ሦስት ተጫወትን፤ ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ 1 ለ 0፣ ከአልጄሪያ ያለ ግብ። አንድም ሳናገባ ተመለስን።

እዚህ ላይ አንባቢ ወንጌላውያኑን ይቁጠር። 1954 ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ ዋንጫ ሰጠን። 1958፣ 1962፣ 1974ም ዘመነ ማርቆስ ነበሩ፤ የሰጠውን በየአራት ዓመቱ፣ ኋላም በአሥራ ሁለት ዓመቱ እየመጣ አስከፈለን። ይህን የምጽፈው ለጨዋታ ነው፤ ደብተራ አይቆጣኝ።

ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መራ፤ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካም እንዳትመለስ በሩን ይዞ ቆመ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዐረፈ። በተከታዩ ታኅሣሥ፣ በ1980፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። አራት ወር ቢቆይ ያየው ነበር። ይህ ዋንጫ በ1994፣ በ1997ና በ1998 ተመልሶ መጥቷል፤ ትልቁ ግን ከ1974 ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ይታይ ነበር።

በ2005 ዋዜማ፣ ዘመነ ማቴዎስ ሊገባ ሲል፣ አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው በሆነበት ጊዜ፣ ቡድኑ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ። ሦስቱ ግብ ስንቅ ሆነው። ጥቅምት 4 ቀን በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ በሦስት ደቂቃ ልዩነት አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምሩ አምስት ለአምስት ሆነና ከሜዳ ውጭ የተገባው ለየው፤ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በዚያ ምሽት በእንጅባራ ዋና መንገድ ላይ የነበረውን ጥሩንባ እኔ ሰምቻለሁ፤ ብርዱ ከቤት የማያስወጣው ሽማግሌ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወጥቶ ነበር።

የመጀመሪያው ግጥሚያ በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩይት፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ሆነ። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ጥር 13። በ1954 ዋንጫው የተነሣበት ዕለት፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ቆጥሮ። አገሩም በካርቱም ተባርሮ እኛን ለፍጻሜ ያበቃን አገር። ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት በበረኛው ተመለሰ፤ የኛ በረኛ ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ፤ ዛምቢያ ከዕረፍት በፊት አገባች። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1። ከ1968 ወዲህ በዋንጫው ያገባናት የመጀመሪያዋ ግብ ይህች ናት። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0። በመጨረሻው ግጥሚያ ሁለተኛው በረኛም ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ፤ ቅያሪ አልቆ ነበርና የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ግብ ውስጥ ቆመ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ወደ ዓለም ዋንጫ በር ተጠጋን። በቦትስዋና የተገኘው ድል ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ስለነበረ በፎርፌ ተነጠቀ። እንደዚህ ያለ ጥፋት የእግር ሳይሆን የእስክርቢቶ ነው፤ መዝገብ ያልያዘ ቤት ምን እንደሚያጣ እኔ ጸሐፊው ከማንም ይልቅ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ምድቡን አለፍን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ናይጄሪያ በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 አሸንፋ በሩን ዘጋችው።

አሁን ዜናው ወደ አገራችን ይቀርባል። ኅዳር 9 ቀን 2012 በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯር መጣች። ከእንጅባራ ተነሥቶ ዳንግላን፣ ዱርቤቴን፣ መራዊን አልፎ መድረስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ የደጋ ሰው ጋቢውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወይና ደጋ ወረደ። ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አገቡ፤ 2 ለ 1። የፖኩ ልጆች በዓባይ ዳር ተረቱ። መጋቢት 15 ቀን 2013 በዚያው ሜዳ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸነፈች። በካርቱም፣ በካይሮ፣ በቱኒዚያ፣ በደቡብ አፍሪካ ሲቆጠርብን የኖረው አራት ለዜሮ ይኸው ለኛም ሆነ።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 21፣ በአቢጃን ኮትዲቯር 3 ለ 1 እየመራች ሳለ የመሐል ዳኛው ሜዳ ላይ ታሞ ወደቀ፤ ጨዋታውም በዚያው ቆመ። በሌላው ሜዳ ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ግብ ተለያዩ። እንዲህም ሆኖ፣ እየተሸነፍን፣ ሰዓቱም ሳይሞላ፣ ለዋንጫው አለፍን። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር።

በ2014፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በካሜሩን ምድር፣ ጥር 1 ቀን ኬፕ ቬርዴ 1 ለ 0 አሸነፈችን። ጥር 5 ቀን ቀድመን አግብተን ካሜሩን አራት መለሰች። ጥር 9 ቀን ቡርኪና ፋሶ ቀድማ አገባች፤ ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ። በ2005 አራት ካስቆጠረችብን አገር ጋር አንድ ለአንድ። ከምድቡ አላለፍንም።

በማግሥቱ ከተራ ነበር። እንጅባራ ላይ ታቦታቱ ሲወርዱ ከሰልፉ ጋር አብሬ ሄድኩ፤ ከጎኔ ያሉት ሁለት ጎልማሶች በአውንግኛ ሲከራከሩ ስለ ጌታነህ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። የሚከራከሩት ስለ አንድ ዳማ ፈረስ ነበር፤ ለ23 እግሩ ይድናል አይድንም ብለው።